የመጀመሪያው ኮድ ሥዕል ይሁን

ክቧ ቀይ ናት። አሥረኛ ክፍልን የጨረሰችው ተማሪ የፈለገችው ይህች ክብ የማውሱን ቀስት ተከትላ በነጩ ሰሌዳ ላይ እንድትንቀሳቀስ ብቻ ነው። ኮዱን ጽፋ ማስኬጃውን ተጫነች። ክቧ ታዛዥ ሆና ተከተለች፤ ችግሩ ያለፈችበትን ሁሉ ቀይ እያደረገች መሄዷ ነው። ጥቂት ሴኮንድ ሳይቆይ ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በተጠማዘዘ ቀይ መስመር ተሸፈነ።

«ቲቸር፣ ለምንድነው የኋላው የማይጠፋው?»

መምህሩ መጥቶ ከጀርባዋ ቆመና ስክሪኑን አየ። መልሱን አልነገራትም። «እስኪ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሺው፤ ከዚያ ደግሞ ቀስ አድርጊው» አላት። ቶሎ ስታንቀሳቅሰው ክቦቹ ተራርቀው አንድ በአንድ ታዩ። ቀስ ስታደርገው ተደራርበው ወፍራም መስመር ሆኑ። ያኔ ነገሩ ገባት። ክቧ ከመጀመሪያውም አንድ አልነበረችም፤ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ አዲስ ክብ ይስላል፣ የቀደመውን የሚያጠፋ ግን የለም።

ተማሪዎቹ የሚሠሩበት ፒ ፋይቭ ጄኤስ የሚባል ነፃ መሣሪያ ነው። በእሱ የሚጻፍ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። «ሴትአፕ» የተባለው መነሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። «ድሮው» የተባለው ደግሞ ፕሮግራሙ እስኪቆም ድረስ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ተማሪዋ ሰሌዳውን ነጭ የሚቀባውን ትእዛዝ ያስቀመጠችው በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሰሌዳው አንዴ ተቀብቶ ቀረ። ያችን አንድ መስመር ቆርጣ ወደ ሁለተኛው ክፍል ስታወርዳት ሰሌዳው በየዙሩ እንደ አዲስ ይቀባል፤ ዱካውም ይጠፋል። መልሳ ወደ ላይ ስትወስዳት ክቧ ብሩሽ ትሆናለች። ልጅቷ መስመሯን ሦስት አራቴ ወደ ላይና ወደ ታች አመላለሰቻት። በመጨረሻ ወደ ላይ መልሳ አስቀመጠቻትና በቀዩ ብሩሽ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል መሳል ጀመረች።

ፕሮግራሚንግ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ትንሽ ክስተት አቅልለው እንዳያዩት እለምናለሁ። ትእዛዞች በቅደም ተከተል እንደሚፈጸሙ፣ አንድ ጊዜ የሚሠራና የሚደጋገም ነገር እንደሚለያዩ ማስረዳት በሰሌዳና በጠመኔ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ ከዚያም በኋላ ብዙው ተማሪ አይገባውም። እዚህ ግን ልጅቷ በገዛ ዓይኗ አይታ፣ በገዛ እጇ አረጋግጣ ወሰደችው።

ይህ የሆነው ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ነው። ላፕቶፖቹ ለሁሉም ስለማይበቁ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ከሥራ በቀጥታ የመጡ አንድ የሒሳብ ሠራተኛም አሉ። ከዚህ ሥልጠና በፊት ኮድ የጻፈ የለም። «ይህ ነገር ለምን ይጠቅመኛል?» ብሎ የጠየቀም አልሰማሁም።

ብዙዎቻችን ፕሮግራሚንግን የተማርንበት መንገድ ከዚህ በጣም የራቀ ነው። መጀመሪያ ጥቁር መስኮት ላይ «ሄሎ ወርልድ» ማስጻፍ። ቀጥሎ ሁለት ቁጥር መደመር፣ ከዚያ የአምስት ተማሪዎችን አማካይ ውጤት ማውጣት፣ ከዚያ አንድ ቁጥር ሙሉ ወይም ጎደሎ መሆኑን መለየት። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህ የሚሰጠው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ ፈተናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ኮድ መጻፍ ነው። ሴሚኮለን የረሳ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል፤ የጻፈው ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ ሳያይ ግን ከፈተና ክፍል ይወጣል። ይህ ትምህርት ጎበዝ ባለሙያዎችን አላፈራም አልልም፤ አፍርቷል። በመጀመሪያው ሴሚስተር «ይህስ ለእኔ አይደለም» ብለው የሸሹትንም ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከእነዚያ ብዙዎቹ የሸሹት ችሎታ አንሷቸው አይመስለኝም። የሚሠሩትን ነገር አንድም ቀን ስላላዩት ነው።

ጀማሪን በሥዕል ማስተማር የትናንት ሐሳብ አይደለም። ሲሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ የተወለዱ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ጄኔቫ ውስጥ ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ ጋር ልጆች እንዴት እንደሚያስቡ ሲያጠኑ ቆይተው ወደ አሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በ1967 ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር ሆነው ሎጎ የተባለውን የልጆች ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፈጠሩ። ጥቂት ቆይቶ ሎጎ ኤሊ ተጨመረችለት። መጀመሪያ ወለል ላይ የምትሄድ ሮቦት ነበረች፤ በኋላ ስክሪን ላይ የምትታይ ምልክት ሆነች። የምታውቀው ትእዛዝ ጥቂት ነው፤ ይህን ያህል ወደ ፊት ሂጂ፣ ይህን ያህል ዲግሪ ወደ ቀኝ ዙሪ። ስትሄድ ብዕሯ ከኋላዋ ያሰምራል። መቶ እርምጃ ሂጂ፣ 90 ዲግሪ ዙሪ፣ አራት ጊዜ ድገሚ ስትባል ካሬ ትስላለች።

ከካሬ ቀጥሎ ሦስት ማዕዘን ይመጣል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ እንደሆነ ትምህርት ቤት ተምረናል። ስለዚህ ተማሪው መቶ ሂጂ፣ 60 ዙሪ፣ ሦስት ጊዜ ድገሚ ይላል። ኤሊዋ የምትስለው ግን በአንድ በኩል ክፍት የሆነ፣ የባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ግማሽ ነው። የፓፐርት ምክር፣ ተነሣና አንተው ኤሊ ሁን የሚል ነበር። ተማሪው ወለሉ ላይ ሲራመድ ጫፉ ላይ ደርሶ ፊቱን ወደ አዲሱ ጎን ለማዞር 60 ዲግሪ እንደማይበቃው ሰውነቱ ይነግረዋል። የሚያስፈልገው 120 ነው። ሦስት ጊዜ 120 ደግሞ 360፣ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ይህ አንዴ ከገባው ወዲያ ስምንት ጎን ለመሳል ማንንም አይጠይቅም፤ 360ን ለስምንት ያካፍላል።

ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመው «ማይንድስቶርምስ» መጽሐፋቸው አጥብቀው የተከራከሩት ስለ ስህተት ነው። ትምህርት ቤት ስህተትን የሚያየው በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ትክክል ወይም ልክ ያልሆነ፣ አለቀ። ኮድ የሚጽፍ ልጅ ግን ፕሮግራሙ አልሠራ ሲል «የቱ ጋ ነው የተበላሸው?» ብሎ ይመለከታል። የስድስት ጎኑ ግማሽ ቅርጽ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ወረቀት ላይ ቢሆን ዜሮ ያገኝ የነበረ መልስ፣ ስክሪን ላይ ሌላ ቅርጽ ሆኖ ይወጣና ወደ ስድስት ጎን የሚወስደውን መንገድ ያሳያል።

ጎልማሶች በኮምፒውተር መሳል የጀመሩት ከሎጎም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ፌብሩዋሪ ላይ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኔስ፣ የሲመንስ ኩባንያ የሒሳብ ባለሙያ፣ በኮምፒውተር የተሳሉ ሥዕሎችን ሽቱትጋርት ከተማ ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የቤል ላብራቶሪው ማይክል ኖል ሥራዎች ኒውዮርክ ውስጥ ታዩ፤ ኖቬምበር ላይ ደግሞ ፍሪደር ናከ ከኔስ ጋር እንደገና ሽቱትጋርት ውስጥ አሳዩ። ሦስቱም ከሒሳብና ከምህንድስና ወገን የመጡ እንጂ የሥዕል ትምህርት ቤት ምሩቅ አልነበሩም። ኔስና ናከ የሚሠሩበት ኮምፒውተር ቁጥሩን ይቀበልና ብዕር የያዘ መሣሪያ ወረቀት ላይ እንዲስል ያዝዘው ነበር።

ከሥዕሉ ወገን የመጡት ቬራ ሞልናር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 ቡዳፔስት ተወልደው ሕይወታቸውን ፓሪስ ያሳለፉ ሠዓሊ ነበሩ፤ በ2023 መጨረሻ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ኮምፒውተር ከመንካታቸው በፊት፣ ከ1959 ጀምሮ፣ «ምናባዊ ማሽን» ብለው የሰየሙትን ዘዴ ይከተሉ ነበር። ለራሳቸው ሕግ ያወጣሉ፤ ከዚያ ሕጉን አንድ በአንድ እየተከተሉ በእጃቸው ይስላሉ። በ1968 እውነተኛ ኮምፒውተር ሲያገኙ የሚጽፉለት ሕግ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። ሞልናር ደጋግመው የሳሉት የተሰለፉ ካሬዎችን ነው፤ ሰልፉን ግን በጥቂቱ ያዛቡታል። ፍጹም ሰልፍ ዓይንን ቶሎ ያሰለቻል፤ ፍጹም ዝርክርክም እንዲሁ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈለጉት በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ነው።

ቅዳሜ ያየሁት ሁለተኛው ልምምድ ከኔስ የታወቀ ሥራ፣ ከ«ሾተር»፣ የተወሰደ ነው። ሥዕሉ 12 ካሬ በወርድ፣ 22 ካሬ በቁመት የተደረደረበት ነው። ከላይ ያለው ረድፍ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። ወደ ታች ሲወረድ ካሬዎቹ ትንሽ ይዘማሉ፣ ከዚያ ይፈናቀላሉ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ሲደረስ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ይመስላሉ። መምህሩ ሥዕሉን በፕሮጀክተር አሳየና «ይህን ለመሳል ስንት መስመር ኮድ ያስፈልጋል?» ሲል ጠየቀ። አንዱ «መቶ» አለ፤ ሌላው «ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ» ብሎ 264 አደረሰው።

የሚያስፈልገው ከሃያ የማይበልጥ መስመር ነው። አንድ «ፎር ሉፕ» የተባለ የማደጋገሚያ ትእዛዝ ረድፎቹን ይቆጥራል፤ በውስጡ ያለው ሁለተኛ ሉፕ በየረድፉ ያሉትን 12 ካሬዎች ይቆጥራል። የሥዕሉ ነፍስ ያለችው ግን በአንዲት ማባዣ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ኮምፒውተሩ በዕጣ አንድ ቁጥር እንዲያወጣ ይታዘዛል፤ ያ ቁጥር በረድፉ ቁጥር ይባዛል፤ ካሬው በዚያ ልክ ይዘማል፣ በዚያ ልክ ከቦታው ይፈናቀላል። ኮምፒውተር ረድፍ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ዜሮን በምንም ቢያባዙት ዜሮ ስለሆነ የመጀመሪያው ረድፍ ንቅንቅ አይልም። ሃያ አንድ ቁጥር ላይ ሲደረስ ግን ትንሿ ዕጣ ሃያ አንድ እጥፍ ሆና ካሬውን ታሽቀነጥረዋለች።

የሒሳብ ሠራተኛውና አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ኮዱን ጨርሰው ሲያስኬዱት ስክሪኑ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ካሬዎች ብቻ ላይኛው ጥግ ላይ ይታያሉ፤ የቀሩት የሉም። «ጋሼ፣ የእኛ ካሬዎች ወዴት ሄዱ?» አለ ልጁ። ሰውየው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ኮዱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ስህተቱ በሁሉም ጀማሪ ላይ የሚደርስ ነው። በፒ ፋይቭ ካሬውን ለማዘንበል ካሬው አይዞርም፤ የሚዞረው ወረቀቱ ነው። ከእያንዳንዱ ካሬ በኋላ ወረቀቱን ወደ ቦታው የሚመልስ ትእዛዝ ካልተጻፈ፣ ቀጣዩ ካሬ በተዛወረው ወረቀት ላይ ይሳላል፣ ሦስተኛው ደግሞ በዚያ ላይ፤ ጥቂት ሳይሄዱ ከስክሪኑ ውጭ ይወጣሉ። ሰውየው ሲገባቸው «የዞረ ሒሳብ ሳይዘጋ የሚቀጥለው ወር ላይ ተደምሮ ነዋ!» አሉ። ለልጁም በራሳቸው ቋንቋ አስረዱት። መዝጊያዋ መስመር ስትጨመር 264ቱም ካሬዎች ቦታቸውን ያዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ማንም ያላዘዘው ነው። አንዷ ረድፎቹን ገልብጣ ሥርዓቱን ከታች፣ ፍርስራሹን ከላይ አደረገችው። ሌላው ካሬውን በክብ ቢለውጥ መዝመሙ ጨርሶ የማይታይ ሆነበትና ለምን እንደሆነ ከጎኑ ካለው ጋር ክርክር ገጠመ። የፕሮግራሚንግ መምህር ለዓመታት የሚመኘው ይህን ነው፤ ተማሪው ራሱ «ይህን ብለውጠው ምን ይሆናል?» ብሎ እንዲጠይቅ።

መሣሪያው ራሱ ከየት መጣ ለሚል፣ ዘሩ ረጅም አይደለም። ኤምአይቲ ውስጥ ጆን ማኤዳ እ.ኤ.አ. በ1999 ለሠዓሊዎችና ለዲዛይነሮች ያዘጋጁት ትንሽ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነበር፤ መቶ በመቶ ነጥብ በሆነች ሰሌዳ ላይ ግራጫ ቀለም ብቻ ይስል ነበር። ተማሪዎቻቸው ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ ያን አስፍተው በ2001 ፕሮሰሲንግን ጀመሩ። ሎረን ማካርቲ በ2013 ይህንኑ ወደ ድረ ገጽ ማሰሻ አምጥታ ፒ ፋይቭ ጄኤስን ፈጠረች። ፕሮሰሲንግና ፒ ፋይቭ ጄኤስ ነፃ ናቸው፤ ማንም ሰው አውርዶ ሊጠቀምባቸው፣ ኮዳቸውን ከፍቶ ሊያየው ይችላል።

ይህ ዘዴ ልጅ ከማጫወት ያለፈ ጥቅም አለው ወይ ለሚለው፣ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ መልስ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ፣ የሥነ ጽሑፍም ሆነ የአርክቴክቸር፣ የፕሮግራሚንግ ኮርስ እንዲወስድ አስገደደ። ከኮምፒውተርና ከምህንድስና ውጭ ያሉት ተማሪዎች ክፉኛ ወደቁ፤ ከመካከላቸው ኮርሱን በአግባቡ ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ፕሮፌሰር ማርክ ጉዝዲያል በ2003 ለእነሱ ሌላ ኮርስ አዘጋጁ። ሉፕ የሚማሩት ፎቶግራፍ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ እየለወጡ፣ ድርድር (አሬይ) የሚማሩት ድምፅን ገልብጠው እያጫወቱ ነው። የሚያልፉት ቁጥር ወደ 85 ከመቶ ያህል ከፍ አለ። ጉዝዲያል ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራቸውን ራሳቸው ሲገመግሙ ሐቁን አልሸሸጉም። ተማሪዎቹ ኮርሱን ሳያቋርጡ መጨረሳቸው ተረጋግጧል፤ ከሌላው ይልቅ ብዙ መማራቸውን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ግን አላገኙም። ለእኔ የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃኛል። ጥሎ የወጣ ተማሪ ምንም አይማርም።

ወደ ቅዳሜው ክፍል እንመለስ። ከዕረፍት በኋላ መምህሩ ከቦርሳው አንድ ነጠላ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው፤ ጫፉና ጫፉ የሚገጥም ዳይመንድ፣ በውስጡ ሌላ ትንሽ ዳይመንድ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ። «ቁጠሩት» አለ። ተማሪዎቹ ጨርቁ ላይ ተደፍተው ክር መቁጠር ጀመሩ። ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ማጉን ሲያስገባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የትኛው ክር ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚያልፍ በየመስመሩ ይቆጥራል፤ ንድፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ በወረቀት ሳይሆን በጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

ጥለቱን ወደ ኮድ የሚወስደው መንገድ ከሩቅ ሲያዩት ከባድ ይመስላል። ሰሌዳውን 21 በ21 በሆኑ ትንንሽ ቤቶች ከፋፍሉት። መካከለኛው ቤት ቁጥሩ 10 ነው፤ ከዜሮ ስለምንቆጥር። አሁን ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ከመካከሉ ወደ ጎን ስንት ቤት፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስንት ቤት ይርቃል? ሁለቱን ደምሩ። ድምራቸው እኩል የሆኑትን ቤቶች ቀለም ብትቀቧቸው ዳይመንድ ይወጣል፤ ምንም ሰያፍ መስመር ሳታሰምሩ። ቀጥሎ ድምሩን ለአራት አካፍሉና ቀሪውን እዩ። ቀሪው ዜሮ ወይም አንድ ከሆነ ቤቱን ቀለም ቀቡት፣ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ነጭ ተዉት። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ዳይመንዶች ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ። አራቱን በስድስት ብትለውጡት መስመሮቹ ይራራቃሉ። ቀሪ የሚያወጣውን ትእዛዝ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ጎደሎና ሙሉ ለመለየት ብቻ ሲጠቀሙበት ያየ ሰው፣ እዚህ ጥለት ሲሠራበት ማየቱ ዓይን ይከፍታል።

ቀለሙም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። ኮምፒውተር ቀለምን የሚያውቀው በሦስት ቁጥሮች ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255። ከሦስቱ ቅልቅል ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለማት ይወጣሉ። ሁለት ልጃገረዶች የነጠላውን ጫፍ ስክሪኑ አጠገብ ይዘው ትክክለኛውን አረንጓዴ ሲፈልጉ ቆዩ። «ጠቆር አድርጊው፣ ይሄ የበራ ነው» ትላለች አንዷ፤ ሌላዋ የአረንጓዴውን ቁጥር ትቀንሳለች። «አሁን ደግሞ ሰማያዊ አነሰው።» በመጨረሻ ያገኙት ቁጥር ጨርቁ ላይ ካለው ክር ጋር ጎን ለጎን ሲታይ የሚለይ አልነበረም።

ሽመናና ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት እዚህ ክፍል ውስጥ አይደለም። ፈረንሳዊው ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 የሠራው የሽመና መሣሪያ ንድፉን የሚያነበው ከተበሳ ካርድ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ለኮምፒውተር ቅድመ አያት ለሆነው ማሽኑ ካርዱን የወሰደው ከዚያ ነው፤ አዳ ላቭሌስም በ1843 ስለዚያ ማሽን ስትጽፍ ያነጻጸረችው ከዣካር መሣሪያ ጋር ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮን ኤግላሽ ደግሞ በ1999 ባሳተመው የአፍሪካ ፍራክታሎች መጽሐፉ የኢትዮጵያን መስቀሎች ከምሳሌዎቹ መካከል አስገብቷቸዋል። የአንዳንዱ መስቀላችን ክንድ ጫፍ ላይ ትንሽ መስቀል አለ፤ በዚያ ጫፍ ላይም ሌላ ያነሰ። ራሱን የሚጠራ ፕሮግራም የሚሉት ይህ ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በጣም ከሚቸገሩባቸው ርእሶች አንዱ። የማስተማሪያ ምሳሌው አንጥረኞቻችን እጅ ላይ ስንት ዘመን ኖሯል።

ዛሬ አንድ ሰው «የሐበሻ ጥለት ሳልልኝ» ብሎ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢጽፍ በሴኮንዶች ውስጥ ሥዕል ይሰጠዋል። ታዲያ ክር መቁጠሩ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። ጥያቄውን አከብረዋለሁ። ግን ያን ሥዕል ያዘዘው ሰው ሁለተኛው ዳይመንድ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ አያውቅም፤ በአራት ፈንታ በስድስት ቢከፈል ምን እንደሚሆንም ሊነግረን አይችልም። ኮዱን የጻፈችው ልጅ ግን ስለ እያንዳንዱ ነጥብ መልስ አላት። ደግሞም የምንናገረው ስለ ተማሪ ነው፤ ሥዕሉ ተሳለ አልተሳለ ዋናው ጉዳይ አይደለም፤ ዋናው ጉዳይ ልጅቷ ማሰብ መማሯ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር ለወጣቶች ከቀረቡት ኮርሶች መካከል የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ የመረጃ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታውያን ይገኙበታል። ሁሉም ለሥራ ገበያ የሚያስፈልጉ ናቸው። ነገር ግን ሉፕ፣ ተለዋዋጭ፣ ሁኔታና ተግባር ምን እንደሆኑ ለሚያውቅ ሰው ይቀላሉ፤ ለማያውቀው የመግቢያ በር ያስፈልገዋል፤ ከሥዕል የሰፋ በር ደግሞ አላየሁም።

ችግሩን አልደብቅም። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ውድ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የለውም ወይም ያለው ተቆልፎበታል። ለአንዳንዱ መላ አለ። ፒ ፋይቭ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለልጆች ያወጣው ስክራች ትእዛዞቹን በአማርኛ ማሳየት ስለሚችል የአራተኛ ክፍል ልጅ እንኳ እንግሊዝኛ ሳይጠብቅ መጀመር ይችላል። ለኮምፒውተር እጥረቱ ግን የምሰጠው ብልሃት የለኝም፤ ይህ የበጀት ጉዳይ ነው፤ የበጀት ባለቤቶችም ሊጠየቁበት ይገባል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስም ይሰጣል። የሁለቱ ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንድ ጥለት በኮድ ቢሠሩ የሚጠቀሙት ሁለቱም ናቸው። በየክልሉ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ይኸው ይሠራል፤ ጥለት የሚሠራበት፣ ሰፌድና ሙዳይ የሚሰፋበት አካባቢ ብዙ ነውና።

ለመምህራን ግን ማንም ሳይፈቅድላቸው ዛሬ የሚያደርጉት ነገር አለ። የሚቀጥለው የጀማሪዎች ክፍላችሁ ሲከፈት «ሄሎ ወርልድ»ን ለሁለተኛው ቀን አቆዩትና ተማሪዎቻችሁ ካሬ እንዲስሉ አድርጉ፤ ከዚያ ሦስት ማዕዘን እዘዟቸውና 60 ሲጽፉ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ኮምፒውተሩ ካለ ለዚህ ግዢም ሆነ በጀት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲጫን የፓፐርት ኤሊ አብራ ትጫናለች፤ ለመሥራትም ኢንተርኔት አትጠይቅም።